ጥሩ ግብዓት ነው

እኔ የተውጣጣሁ ሰው ነኝ። ዜና ላይ «ከተለያዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች የተውጣጡ ነዋሪዎች በመድረኩ ተሳትፈዋል» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ከተውጣጡት አንዱ እኔ ነኝ። ብዙውን ጊዜ ከወጣቶች እውጣጣለሁ። ሰው ከጎደለ ከነጋዴዎች። አንድ ቀን እንዲያውም የሃይማኖት አባቶች ረድፍ ላይ ወንበር ተርፎ፣ ከእነሱም ልውጣጣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ስለዚህ ስለ ሕዝባዊ የውይይት መድረክ ክፉ ሲወራ አይሆንልኝም። «ወሬ ብቻ ነው፣ ጠብ የሚል ነገር የለም» የምትሉ፣ ኧረ አቦ ተዉ! እንደ መድረክ ያለ ነገር ድሬ አይታ አታውቅም።

ጥሪው ለሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የሚጀመረው አራት ሰዓት ላይ ነው። ይህን መዘግየት የሚሉት አሉ፤ እኔ ስጦታ ነው የምለው። ከገንደ ቆሬ፣ ከሳቢያን፣ ከለገሀሬ፣ ከመጋላ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ የልቡን የሚያወራው በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንዱ በኦሮምኛ ይጀምራል፣ መሀል ላይ በሶማልኛ ይሳደባል፣ በአማርኛ ይጨርሳል። ሁሉም ይገባዋል። ሁሉም ይስቃል። የመብራቱ ነገር፣ የቤት ኪራዩ ነገር፣ የልጆቹ ሥራ ማጣት፣ አንድም ሳይቀር ይነሳል።

ከዚያ ግቡ ይባላል። ውይይቱም በዚሁ ያበቃል።

ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ነው። አማርኛ ነው ይላሉ። «ውሃ ጠፋ» የሚባል ነገር እዚያ የለም። «ከንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት አኳያ አንዳንድ ክፍተቶች ይስተዋላሉ» ነው የሚባለው። ውለታውን እዩት እንግዲህ። ውሃ ጠፋ ሲባል ትናደዳለህ፣ ጀሪካንህ ትዝ ይልሃል። ክፍተት ይስተዋላል ሲባል ግን ጥማቱ ራሱ ቀዝቀዝ ይላል። የድሬ ውሃ እንደሆነ ቢመጣም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኖራ እየጋገረ ነው የሚሄደው። ክፍተት ግን አይጋግርም።

ባለፈው የሄድኩበትን ልንገራችሁ። ባነሩ የአምናው ነው። የዓመተ ምሕረቱ መጨረሻ ቁጥር ላይ ወረቀት በስኮች ተለጥፎበታል። ቬንቲሌተሩ በዞረ ቁጥር ወረቀቱ ብድግ ይልና አምና ብቅ ይላል፤ ሲመለስ ዘንድሮ ይሆናል። ያን ቀን ዓይኔን ያልነቀልኩት ከእሱ ላይ ነው። ሰነድ አቅራቢው ስላይዱን ያነባል። እኛም እናነባለን። እኛ ቀድመነው ጨርሰን እንጠብቀዋለን። አንዲት እናት ከጎኔ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ፣ «ይሄ ልጅ ደብተሩን እኛ ፊት ነው የሚያጠናው?» አሉኝ። ዝም በሉ እማማ አልኳቸው፣ ባለድርሻ አካል ነን።

ደግሞ መብታችን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አስተውሉ። የመጠየቅ ነው የሚለው። ተጠየቅን። የሚመልስልን ይኑር የሚል ቃል አንቀጹን ገልብጬም አላገኘሁበት።

ወደ እኛ ወደ ተሳታፊዎቹ ስመጣ አድናቆቴ ይብሳል። ማይኩ ወደ ተሰብሳቢው ሲዞር የድሬ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። በር ላይ «እነዚህ ሰዎች ያሾፉብናል» ሲል የነበረው ጎልማሳ ማይኩን ያዘ። «በቅድሚያ ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። የቀረበው ሰነድ እጅግ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሐሳብ ተነስቷል፤ እኔ ለማጠናከር ያህል ነው» አለ። ከዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ አጠናከረ። የሚቀጥለው ሰውዬ ደግሞ የእሱን ማጠናከሪያ አጠናከረ። ይህን ያህል የተጠናከረ ሐሳብ እንዴት አንድ ቦይ መጥረግ እንዳቃተው ይገርመኛል።

ቦይ ስል ትዝ ያሉኝ አንድ አዛውንት አሉ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው የሚኖሩት። ማይኩን ሲሰጧቸው ለማንም ምስጋና አላቀረቡም።

«እኔ ዕድል አልፈልግም» አሉ። «እኔ አካፋ ነው የምፈልገው። ሰፈራችን ያለው ቦይ እስከ አፉ በፌስታልና በሃይላንድ ሞልቷል። ክረምቱ ሳይገባ ይጠረግልን። እናንተ ደመና የምትጠብቁት እዚህ ነው። ጎርፉ ግን ከላይ ነው፣ ከደንገጎ ተራራ በኩል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ሌሊት ይመጣል።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ፣ በዚያች ሌሊት፣ ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። እዚያ ከተቀመጥነው መሀል ከዘመድ ወይ ከጎረቤት አንድ ሰው ያላጣ ብዙ አይመስለኝም። ቬንቲሌተሩ ዞረ። ወረቀቱ ብድግ አለ።

መድረክ መሪው ማይኩን ተቀበሉ። «አባታችን ላነሱት ሐሳብ ከልብ እናመሰግናለን። በጣም ጥሩ ግብዓት ነው።»

ተጨበጨበ።

ቃለ ጉባኤ ከሚይዘው ልጅ አጠገብ ነበርኩና አየሁ፤ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የአካባቢ ጽዳትን አስመልክቶ ግብዓት ተሰጥቷል።» ደንገጎን፣ ደቻቱን፣ አካፋውን፣ ያቺን ሌሊት፣ ሁሉንም በአንድ መስመር። ወንዝን እንዲህ አጥፎ ኪስ ውስጥ የሚከት ባለሙያ ሌላ አገር አለ ብትሉኝ አላምንም።

የሚቆጨኝ ይህ ጥበብ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ሲደርስ ዳገቱ ሐረርን ከለከለው፤ ሠሪዎቹም ሜዳው ላይ ጣቢያ ተከሉ፣ ከተማ ሆነ። በቃ። አንድ የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ እንኳ ቢያዘጋጁ ኖሮ ባቡሩ እስከ ዛሬ ጅቡቲ ቆሞ ግብዓት ይሰበስብ ነበር፤ ድሬም አትኖርም፤ የቦይ ጥያቄም ባልተነሳ።

የሰፈራችንን ዕድር ደግሞ ተመልከቱት፣ እንዴት ያለ ኋላቀር ነገር ነው። እሁድ ጠዋት ጥላ ሥር እንሰበሰባለን። ባነር የለም። ዳኛው «ድንኳኑ ተቀዷል፣ ይሰፋ ወይስ ይገዛ?» ይላሉ። ይጯጯሃል፣ ይዋጣል፣ ተቆጥሮ ይጻፋል፣ የቀረ ይቀጣል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በሳምንቱ ድንኳኑ ተሰፍቷል። አንድ ሰው እንኳ «በአጽንኦት» አላለም። ምን ዓይነት ስብሰባ ነው ይሄ?

ሻይ እረፍት ላይ ያው ጎልማሳ፣ ሰነዱን ያመሰገነው፣ በአንድ እጁ ሳምቡሳ በሌላው ሻይ ይዞ፣ «ወላሂ ያሾፉብናል» አለኝ። እውነቱን በማይክ ለምን አልተናገርክም ስለው ሳምቡሳውን ዋጠና፣ «ኧረ አቦ፣ የሚቀጥለው ላይ እንዳይጠሩኝ?» አለ። ልክ ነው። ካልተጠራ ከምን ይውጣጣል?

አዛውንቱ ሻይ አልጠጡም። ጥግ ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ አምናም ይህንኑ ተናግሬ ግብዓት ነው ብለውኛል። ይሄ ግብዓት የሚሉት የት ነው የሚጠራቀመው? መጋዘን አለው?»

ይኖረዋል አባባ፣ አልኳቸው። ምን ልበል?

ከሻይ በኋላ ያለው አጭር ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ ድሬ ላይ ማንም ማንንም አይሰማም። ፀሐዩ አለ፣ ምሳው አለ፣ ከምሳ በኋላ በርጫው አለ። አቅጣጫ ተቀመጠ። «የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» ተባለ፤ ውሸት አይደለም፣ መውጣት አለብን በሚለው ላይ ሁላችንም ተግባብተናል።

ስንወጣ እያንዳንዳችን የታደለንን ሃይላንድ ይዘናል። ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት ቦይ አለ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ የመጨረሻዋን ጉንጭ ጠጣና ጠርሙሱን እዚያው ለቀቀው። ከኋላው ሦስት ሰዎች። ከዚያ ያ ጎልማሳ፣ ከነሶፍቱ። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው አንድ በአንድ ያዩናል። ምንም አልተናገሩም፤ ማይክ የለም።

የእኔም ባዶ ነበር። ወዲያ ወዲህ አየሁ፣ ቅርጫት የለም። ግብዓቴን ሰጠሁና ባጃጅ ጠራሁ።