ካርታውን ሳያየው ሶፍትዌሩን ጠየቀኝ

አሁን ነው ከቢሮው የወጣሁት። እጄ ይንቀጠቀጣል። ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። ይሄን ሳልጽፍ ቤቴ አልገባም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እኮ ነው! ጂፒኤስ ይዤ ጭቃ ለጭቃ ዞሬ የለቀምኩት የውሃ ተቋማት ካርታ ነው። የጎለበተው ምንጭ፣ የተሰበረው የእጅ ፓምፕ፣ አንድም አልቀረኝ። አለቃው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። ዓይኑን እንኳ ጣል አላደረገበትም!

«በምንድን ነው የሠራሽው?»

«በኪውጂአይኤስ።» ካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው።

«ነፃው አይደለም እንዴ እሱ?»

«አዎ፣ ነፃ ነው።»

«እንግዲያው በሚገዛው፣ በአርክጂአይኤስ ሠርተሽ አምጪ። ነፃ ነገር ለቢሮ አይሆንም፣ እህቴ።»

እህቴ! አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ሳቀ። የሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ደግሞ በፍላሽ የተገለበጠ ክራክ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የተሰረቀው ለቢሮ ይሆናል፣ በፈቃድ የተሰጠው አይሆንም?

ኪውጂአይኤስ እኮ ትናንት የበቀለ አይደለም። ጋሪ ሸርማን በ2002 እ.ኤ.አ. ጀመረው፣ ከዚያ ወዲህ ስንት አገር ያለ ሰው እየጨመረበት እዚህ ደረሰ። ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ ያያል፣ የቻለ ያርማል። ፈቃዱ አለቀ ብሎ ሥራ መሃል የሚዘጋብህ የለም።

የወንዙንስ ጉድ ልንገራችሁ? የወንዙን መረጃ ስጡኝ ስላቸው የቢሮው ሰዎች በቴሌግራም አንዲት የኤስኤችፒ ፋይል ብቻ ላኩልኝ። የካርታ መረጃ የሚያዝበት ሼፕፋይል አንድ ፋይል ብቻ አይደለም፣ ያለ ዲቢኤፉና ያለ ኤስኤችኤክሱ ምን ይሁንልኝ? አራት ቀን ደውዬ ሲመጣ ደግሞ በየትኛው የመጋጠሚያ ሥርዓት እንደተሠራ የሚናገረው ፒአርጄው የለም። አሁን በተለመደው ሥርዓት፣ በቁጥር 32637 ስከፍተው ወንዙ 200 ሜትር ገደማ ሸሽቶ የሰው ማሳ ላይ ወጣ! መንደሩ ከነምንጩ ወዲያ ማዶ ቀረ። በአሮጌው ሥርዓት፣ በአዲንዳን የተሠራ ነው ብዬ የሱን ቁጥር 20137 ስሰጠው ቦታው ላይ ልክክ አለ። ይሄን ያረመው ያ የተናቀው ሶፍትዌር ነው።

እናንተም አላችሁ፣ የቅዳሜ የካርታ ጓደኞቼ! አበል ያለው ሥልጠና ሲባል ክፍሉ አይበቃንም፣ አበል ሲቀር አራት ሰው። ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉትን መንገዶች ማንም ሰው ሊጨምርበት በሚችለው ነፃ ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ እንሣል ብዬ ስንቴ ለመንኩ? ዛሬም አብሮኝ የገባ የለም። «ከአለቃ ጋር አትጋጪ» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ደከመኝ እኮ እኔም።

የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ዳገቱን አብረውኝ ወጡ። የደፈረሰች ምንጭ አሳይተውኝ «ልጄ፣ ይቺንም ጻፊልን፣ ከተጻፈች ይመጡልን ይሆናል» አሉኝ። ጻፍኳት። ካርታው ላይ አለች፣ ቁጥር 41። ሰውዬው ጣቱን ቢያሳርፍ ያገኛት ነበር!

አንዷ ጓደኛዬ አሁን ደውላ «በአርክጂአይኤስ ነው በይው፣ በምን ያውቃል» አለችኝ። አልልም! ነገ ጠዋት ያንኑ ወረቀት ይዤ እዚያው በር ላይ ነኝ፣ በምን ሠራሽው ሲለኝም ያንኑ ነው የምመልስለት።