ርዕሱ ይበቃናል

እንደ ሐዋሳ ሰው ፈጣን አንባቢ አላየሁም። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ያዛል፤ ማኪያቶው እስኪመጣ ሦስት ጽሑፍ «አንብቦ»፣ ሦስቱንም ሼር አድርጎ፣ በሁለቱ ተናዶ ይጠብቅሃል። እንዴት ቻለ? ርዕሱን ብቻ ነዋ የሚያየው! ከርዕሱ በታች ያለውን ጸሐፊው ለራሱ ይያዘው።

ይሄ ችሎታ ከሰማይ አልወረደም፤ ትምህርት ቤት ተለፍቶበታል። ምንባብ ሲሰጠን መጀመሪያ ወደ ጥያቄው ነው። ከጥያቄው አንድ ቃል ትይዛለህ፣ ያንን ቃል ምንባቡ ውስጥ ታድናለህ፣ ያገኘህበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ትገለብጣለህ፣ ራይት። ምንባቡ ስለ ወባ ይሁን ስለ ግብር ምን አገባህ? እኔ በዚህ ዘዴ ዘጠኝ ከአስር አምጥቼ፣ ስለ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፍሬውንም አይተናል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው ተባለ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 30 ሺህ ገደማ መሆኑ ነው። ከሰዓት ባጃጅ ውስጥ ስሰማው «በአገሪቱ ሦስት ልጅ ብቻ አለፈ» ሆኗል። ሾፌሩማ የአንደኛውን ሰፈር ሳይቀር ያውቃል። አረብ ሰፈር ነው አለኝ።

እና አሁን አንድ መምህር መጥቶ ይሄን የመሰለ ባህል ሊያበላሽብን! የእህቴ ልጅ አስረኛ ክፍል ነው። መምህሩ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ አምጥቶ፣ የትኛው ጥናት? ስንት ሰው ላይ? ገንዘቡን ማን ከፈለ? ጸሐፊው ያልነገረንስ ምን አለ? እያለ ልጆቹን አንድ ገጽ ላይ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አዋላቸው። አንድ ገጽ! ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እንኳን የለውም።

ጣጣው ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ላይ ፈነዳ። ዓሣችን ቀርቦ፣ አባቱ ከስልኩ «ጥሬ ዓሣ የበላ ወባ እንደማይዘው ጥናት አረጋገጠ» ብሎ ሲያነብልን፣ ልጁ በሰው ፊት «አባዬ፣ የትኛው ጥናት?» አይለውም! አባቱ እጁን ከሳህኑ አነሳ። ከጎናችን አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ አሞሮች፣ የተወረወረላቸውን የዓሣ ጭንቅላት እንዳለ ይውጣሉ። ስንት ዘመን ሳያኝኩ ኖሩ፣ «ከየት የመጣ ነው?» ያለ አንድም የለም። እንዲህ ነው ጨዋ ማለት።

ሰኞ አባትየው ሄዶ አመለከተ። መምህሩም ተመክሮ ተመልሷል፤ አሁን ሾርት ኖት ያስጽፋል። የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት በምንባብ አስር ከአስር አመጣ። ስለ ምን ነበር ብለው ሳቀብኝ።