አማርኛ የለውም?

ባለፈው እሑድ መብራት እንደ ልማዱ ሄደ። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ የነበረው የእህቴ ልጅ ቀና እንኳ ሳይል «ጋሼ፣ ዱምድ ነን» አለኝ። «ዱም» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወሰደው ነው። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው ጥቂት አሰበና «በቃ… ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል የሚሰማ ፍርሃት ነው፤ አማርኛ የለውም እኮ» ሲል መለሰልኝ። የመብራቱን መሄድ ለምጄዋለሁ፤ «አማርኛ የለውም» የምትለዋን ግን አልለመድኳትም፤ የምለምዳትም አይመስለኝም።

ለመሆኑ ሆዱን ባር ባር ብሎት የማያውቅ አበሻ ማን ነው? ልጇ ያመሸባት እናት «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ስትል፣ ምን እንደሚመጣ ሳታውቅ አንዳች ነገር እንደሚመጣ ማወቋን በአንድ ትንፋሽ ጨርሳዋለች። አዲሱን ጎረቤት ገና በሩቁ አይቶ «ቀልቤ አልወደደውም» የሚለውም፣ የግራ ዓይኑ ቆብ በተርገበገበ ቁጥር የታመሙ ዘመዶቹን በሐሳቡ የሚቆጥረውም ቃል ቸግሯቸው አያውቅም። እንግሊዝኛው ለሚቃረብ አደጋ «ኢምፔንዲንግ» ሲል ቃሉን የወሰደው መንጠልጠልን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ነው። ላቲኑ አደጋውን ከራሳችን በላይ አንጠልጥሎ ሲተወው፣ የእኛው «ያንዣበበ አደጋ» ግን ክንፍ አውጥቶለት እንደ ጭልፊት ያዞረዋል።

ምሳሌያዊ አነጋገርም ቢሆን አልጎደለንም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለውን እጅግ ስለምወደው በማይገባው ቦታ ሁሉ እጠራዋለሁ። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልንጠይቅ በሄድንበት ቤት፣ የልጅቱ አባት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ አምልጦኝ ተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የላከኝ ሰው የለም።

የዱም ነገር ግን ለእኔ የቆየ ቁስል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን በፈተና የዚህን ቃል ትርጉም ጠይቀውን፣ «ፍርድ» ብዬ ብጽፍ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው ሁለት ነጥብ ቀነሱብኝ። «ዱምስዴይ የፍርድ ቀን ከሆነ ዱም ፍርድ አይሆንም ወይ?» ብዬ ብከራከር ክፍሉ ሳቀብኝ። መዝገበ ቃላት የገለጥኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ለካ በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ፍርድና ሕግ ማለት ኖሯል! ንጉሥ አልፍሬድ በ9ኛው መቶ ዘመን ያወጣው የሕግ መጽሐፍ «ዶምቦክ» ይባላል፤ «የፍርድ መጽሐፍ» እንደማለት ነው። ሁለቱ ነጥቦች ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱልኝም።

ድል አድራጊው ዊልያም ደግሞ እንግሊዝን ከያዘ በኋላ ማን ስንት መሬት፣ ስንት ማረሻ እንዳለው አስቆጠረና እ.ኤ.አ. በ1086 በመዝገብ አሰፈረው። ይግባኝ የሌለው ስለሆነ ሕዝቡ መዝገቡን «ዱምስዴይ» አለው። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ወረቀት የደረሰው ነጋዴ ይህን ስም ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

እንግዲህ ዱም የተቆረጠ፣ የማይመለስ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ የነገረኝ ስሜት ሌላ ቃል አለው፤ «ፎርቦዲንግ» ይባላል፤ ሥሩም አስቀድሞ መንገር ነው። ሐኪሞች እንኳ ዱምን በዋዛ አይጠሩትም። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሊጥለው የተቃረበ ወይም አለርጂ በድንገት ያጣደፈው ሕመምተኛ አንዳንዴ «ልሞት ነው» የሚል ምክንያቱ የማይታወቅ ፍርሃት ይይዘዋል፤ ይህንንም «የሚቃረብ ዱም ስሜት» ብለው ከበሽታው ምልክቶች ጋር ይጽፉታል። ሁለት ሰዓት ጠፍቶ የሚመለስ መብራት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ሌሊቱን ሙሉ ክፉ ዜና ሲያገላብጥ አድሮ «ዱምስክሮሊንግ አደረግኩ» የሚለኝስ? እኛ ይህን ራስን ማስጨነቅ እንለው ነበር፤ የኢንተርኔት ጥቅልም አያስፈልገውም ነበር።

የአቶሚክ ሳይንቲስቶች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው፣ ዓለም ለጥፋቷ ምን ያህል እንደቀረበች በምሳሌ የሚያሳይ የዱምስዴይ ሰዓት አለ፤ እኩለ ሌሊት የጥፋቱ ሰዓት ነው፤ ሲጀመር ለእኩለ ሌሊት 7 ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የዓለም መጥፊያው 12 ሰዓት ነው ቢሉኝ አልደነገጥኩም፤ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ሲሆን ወይ ይነጋል ወይ ይመሻል። ይህንንም ለልጁ ላስረዳው ተነሥቼ ነበር፤ በመሀሉ አከራያችን በር አንኳኩተው ገቡ። አልተቀመጡም። «ጋሼ፣ ስለ ቤቱ ነገር ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር፤ ግን ይደር፣ ነገ ይሻላል» ብለው ወጡ።

ልጁ ከሶፋው ቀና አለና ቀስ ብሎ «ዱም» አለ። ሆዴን ባር ባር ብሎኝ ስለነበር ላርመው አልቻልኩም፤ ደግሞም ቃሉን አልፍሬድ በተጠቀመበት ትርጉም ነበር ያለው።