እርማት፦ ምክትሉ ግዛቱን በኪሱ ይዞ አይመጣም

ወንድሜ፣ «የአሜሪካ ዕጩ ፕሬዚዳንት ምክትሉን ከየትኛው ግዛት ከመረጠ ያ ግዛት የእሱ ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ምክትል ዕጩ የነበሩት ጆን ኤድዋርድስ በ2004 የራሱን ግዛት ሰሜን ካሮላይናን፣ ፖል ራያን በ2012 የራሱን ዊስኮንሲንን ማስገኘት አልቻሉም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የ1988ቱማ ይብሳል፦ የቡሽ ተፎካካሪ የዱካኪስ ምክትል ዕጩ የቴክሳሱ ሎይድ ቤንትሰን በዚያው ቀን ለቴክሳስ ሴናተርነትም ተወዳድሮ ነበር። ቴክሳሶች ሴናተርነቱን መልሰው ሰጡት፣ ፕሬዚዳንትነቱን ግን ለቡሽ! በ1960 የኬኔዲ ምክትል ዕጩ የነበረው የቴክሳሱ ጆንሰን ኬኔዲን ቴክሳስ ላይ ረድቶት ይሆናል፣ አልክድም፤ ልዩነቱ 46 ሺህ ድምፅ ገደማ ብቻ ነበር። የምክትሉ ምርጫ ይበልጥ የሚነካው ሰው ለዋናው ዕጩ ያለውን ግምት ነው። ማኬይን በ2008 በአገር ደረጃ ብዙም ልምድ ያልነበራትን ሣራ ፔሊንን ለምክትልነት ሲያመጣ፣ ኦባማን በልምድ ማነስ ይተችበት የነበረው ክርክር ሳሳበት።