25 ዓመት በአንድ ፊርማ

ትናንት ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኘው ቤታችን ከባለቤቴ ጋር የምንከታተለው ድራማ ትዕግሥቴን አሟጠጠው። ባልየው 25 ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን ሳያማክር ቤታቸውን ሸጠ፤ እርሷም ሻንጣዋን አንጠልጥላ እያለቀሰች ወጣች። እንዴት ተደርጎ? ድሬዳዋም የምትዳኝበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ደንግጓል። ድርሰቱን የጻፈ ሰው ይህን አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ደግሞስ ጠጉሩ የሸበተ ባል ሁሉ ከዳተኛ፣ ሚስቱም ሁሌ አልቃሻ መሆን አለባቸው? የእኔ ባል ሙቀቱ እንቅልፍ ሲነሣኝ ሌሊት ተነሥቶ ግቢውን ውኃ ይረጫል፣ ፍራሹን አውጥቶ ያነጥፍልኛል፣ መነጽሬንም እንዳልተኛበት ከትራሴ ሥር አንሥቶ መስኮቱ ላይ ያስቀምጥልኛል። ይህን አንድ ቀን እንኳ ለምን አያሳዩንም?