ማስተካከያ፦ እንግሊዝኛ ከቻይና ጋኦካኦ አልወጣም

«ቻይና እንግሊዝኛን ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስወጣች» የሚል ጽሑፍ በስፋት እየተጋራ ነው። መረጃው ስህተት ነው።

ጋኦካኦ በሚባለው በዚህ ፈተና የውጭ ቋንቋ ዛሬም ግዴታ ነው። ጃፓንኛ ወይም ሩሲያኛ መምረጥ ይቻላል፤ አብዛኛው ተማሪ ግን የሚፈተነው እንግሊዝኛ ነው። ከአጠቃላዩ 750 ነጥብ 150ው የዚህ ትምህርት ነው፤ ከቻይንኛና ከሒሳብ እኩል ማለት ነው። ብሔራዊ የፈተና ወረቀቶችንና የትምህርት ባለሥልጣናትን ማስታወቂያዎች ማየት ይቻላል።

በብዙ ክፍለ ሀገሮች በሚሰጠው አዲሱ ብሔራዊ ወረቀት ማዳመጥ 30 ነጥብ፣ ንባብ 50 ነጥብ ይይዛል። የቀረው ለቋንቋ አጠቃቀምና ለጽሑፍ ነው። ማዳመጡ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት አጫጭር ንግግሮች የሚሰሙት አንዴ ብቻ ነው። ያመለጠው አመለጠው። ረጃጅሞቹ ሁለት ጊዜ ይደገማሉ። ቤይጂንግ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዳመጥና መናገርን በኮምፒውተር ትፈትናለች፤ ድርሻቸው 50 ነጥብ ነው።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። በ2013 እ.ኤ.አ. ቤይጂንግ የእንግሊዝኛን ነጥብ ከ150 ወደ 100 ለመቀነስ ረቂቅ አውጥታ ነበር። ረቂቁ ተግባራዊ አልሆነም። ደግሞም መቀነስ ሌላ፣ ማስወጣት ሌላ።

ጽሑፉን ይዘው «ቻይና ከተወችው እኛስ ለምን እንለፋለን?» የሚሉ አሉ። ስለ ትምህርት ቋንቋ መከራከር ተገቢ ነው፣ ያስፈልገናልም። ይህ ወሬ ግን ማስረጃ አይሆንም። ያጋራችሁት ካላችሁ እባካችሁ አንሱት፣ ወይም እርማቱን ከሥሩ ጻፉበት።