እርማት፦ ምርምር የላብራቶሪ ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ነርስና ሐኪም ሥራቸውን ይሥሩ፣ ምርምር የላብራቶሪ ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም። የካንጋሮ እንክብካቤን፣ ማለትም ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ማሳቀፍን፣ እንይ። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ የማሞቂያ ሣጥን አልበቃ ብሎ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ተደራርበው ሲተኙ፣ ኢንፌክሽኑም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛመት፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ልጁን ራቁቱን፣ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ፣ እናቱ ደረት ላይ ማሳቀፍ ጀመሩ። ችግር የወለደው መላ በለው።

«ይሄ ልምድ እንጂ ምርምር ነው?» ትል ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለህ፤ ስለተሠራ ብቻ ተረጋገጠ አይባልም። ግን ጥያቄው የመጣው ከዋርድ፣ ሕሙማን ከሚተኙበት ክፍል፣ ነው፤ መልሱም የተፈተነው እዚያው ዋርድ ውስጥ፣ ሕፃናቱን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በማነጻጸር ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የጋና፣ የሕንድ፣ የማላዊ፣ የናይጄሪያና የታንዛኒያ ሆስፒታሎች ጥናት፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ሲታቀፍ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ከ15.7 ወደ 12 በመቶ እንደሚወርዱ አሳየ። ለዚህ ደግሞ እናትየዋ እዚያው ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ያስፈልጋታል። አልጋውን የት እንደሚያስገቡት የሚያውቁት ነርሶቹ ናቸው።